ለአንዲት ወፍ ሦስት ምስክር

ወፏን አይቻታለሁ። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ጣጣ ነው።

ስለ ወፍ ሲሆን ብዙም አልሳሳትም። ለጉራ አይደለም፤ የተሳሳትኩባቸውን ቀናት በደብተር እየመዘገብኩ ስለምይዝ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ወፍ አልነበረም፤ የአዳማ ነፋስ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ጠምጥሞ የሚያወዛውዘው ጥቁር ፌስታል ነበር። እሱንም ቢሆን ዝርያውን ሳትኩ እንጂ ሁኔታውን አልሳትኩም። "ክንፉ የተጎዳ፣ መብረር ያቃተው" ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ወፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሰው ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ወፍራም የወፎች መለያ መጽሐፍ ሙሉውን አስገልብጦ ሳይወስደው ቀረ። ባለቤቱ ሦስት ወር ጠብቆ፣ ሰውዬውን ተራግሞ፣ በወረቀቱ ዋጋ ለእኔ ሸጠልኝ። ችግሩ ግልባጩ ጥቁርና ነጭ ነበር። ስለዚህ የአገራችንን ወፎች በሙሉ ያወቅኋቸው በግራጫ ነው። ሰው "ያቺ ቢጫዋ" ሲል እኔ "ያቺ መንቆረ ወፍራሟ" እላለሁ። ሰው ቀለም ሲያይ እኔ የጣት ርዝመት፣ የጅራት ቅርጽና የክንፍ ጠርዝ አያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባለቀለሙን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስከፍተው፣ ዕድሜ ልኬን በሥራ ልብስ የማውቃቸውን ጎረቤቶቼን ድንገት ሠርግ ቤት ያገኘኋቸው መሰለኝ። አፈርኩላቸው። ትንሽ አበዙት ብዬም አሰብኩ።

ባዮሎጂ ነው የማጠናው። በመጨረሻው ዓመት የወፎች ሥነ ሕይወትና የመስክ ልየታ የሚባል ኮርስ አለ። እኔ ለዚህ ኮርስ ስል የቀረውን ሦስት ዓመት ታግሼ የተማርኩ ሰው ነኝ። መምህራችን ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ከቀይ እስክሪብቶ ሌላ ይዘው የማይታዩ ዶክተር ናቸው። ያላመኑበት ወፍ አጠገብ በቀዩ "አልታየም" ብለው ይጽፋሉ። ተማሪው በሌሉበት "ዶክተር አልታየም" ነው የሚላቸው። በሌሉበት መሆኑን ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ያረጋግጣል።

የመስኩ ሕግ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሃምሳ ወፍ ለይቶ፣ ቦታና ሰዓት ጽፎ ያስገባል። አንድ ወፍ አንድ ነጥብ ነው። ሃምሳ ያልሞላለት "ያልተሟላ" ይባላል፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ያልተሟላው ልጅ ጓደኞቹ በምርቃት ቀን ቆብ ሲወረውሩ ከታች ሆኖ ቆብ ያነሳል። ዝርዝሩ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ የጻፉትን መከላከል እንጂ አዲስ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ብልጦቹ ጓደኞቼ ለመጠባበቂያ ስልሳም ስልሳ አምስትም ጻፉ። እኔ ሃምሳ ተባለ፤ ሃምሳ ጻፍኩ። ሃምሳ ሲባል ስልሳ የሚጽፍ ሰው ከሃምሳው አሥሩን አላመነም ማለት ነው ብዬ በልቤ ናቅኋቸው። ንቀቱ እስከ ማክሰኞ ድረስ ቆየ።

ማክሰኞ ዶክተሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። አርባ ዘጠኙ ላይ ምልክት አድርገዋል። ቀዩ እስክሪብቶ ሃምሳኛዋ ላይ ቆሟል።

"ትንሿ ጃካና። መቂ፣ ሐይቁ ዳር።"

"አዎ ዶክተር።"

"ከማን ጋር ሆነህ አየሃት?"

"ብቻዬን።"

ጃካናን ለማታውቁ፦ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ በሐይቅ ላይ በተነጠፈ የውኃ አበባ ሰፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመድ ወፍ ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ውኃ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ትልቋ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ሞልታለች። ትንሿ ግን ከስንዝር ያነሰች፣ ዓይን አፋር፣ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የማያያት ናት። ከትልቋ ጫጩት ጋር መንታ ነው የሚመስሉት።

"ያየኸው የትልቋን ጫጩት ነው" አሉ ዶክተሩ።

"ትንሿ ስትበር ክንፏ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር አላት። ጫጩቷ የላትም። መስመሩን አይቻለሁ።"

"ፎቶ አንስተሃል?"

ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አጎሉት፣ አሳነሱት፣ ስልኩን አዞሩት።

"ወፏ ይቺ ናት?"

"አይ ዶክተር፣ እሱ ጭቃ ነው። ወፏ ከጭቃው በስተቀኝ ናት።"

"ይቺ?"

"እሱም ጭቃ ነው። በሁለቱ መካከል።"

ስልኩን መለሱልኝ። "ሰኞ ውጤት አስገባለሁ። እስከዚያ ምስክር አምጣ" አሉኝና ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት።

አሁን ሳስበው፣ አብሮኝ የነበረ ተማሪ ካለ አምጣ ማለታቸው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ቃሉን እንደወረደ የምወስድ ሰው ነኝ። ምስክር አሉ። በዚህ አገር ምስክር ማለት ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። ቤት ሲሸጥ፣ ላም ሲሸጥ፣ ባጃጅ ሲከራይ፣ ባልና ሚስት ሲታረቁ ወረቀት አለ፤ በወረቀቱ ግርጌ ሦስት ምስክሮች አሉ። ሁለት ምስክር ጥርጣሬ ነው፤ አራት ደግሞ ጠብ ያለበት ይመስላል። ስለዚህ በነጋታው ፍርድ ቤቱ አካባቢ በጃንጥላ ሥር ላፕቶፕና ፕሪንተር ዘርግተው ማመልከቻና ውል ወደሚጽፉት ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድኩ።

"ሻጭ ማነው?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"ሻጭ የለም ጋሼ።"

"ስጦታ ነው?"

"ወፍ ነው። ወፍ ማየቴን ሰዎች እንዲመሰክሩልኝ ነው።"

ጣታቸው ከላፕቶፑ ላይ ተነሳ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ሰው ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። "የቤት ሽያጩን ፎርም እንጠቀማለን። ንብረቱ በሚለው ወፍ እንተካለን። ወሰኖቹን ንገረኝ።"

"የወፏን ወሰን?"

"ልጄ፣ ወሰን የሌለው ውል ውል አይደለም። ወፏ የት ናት? በምሥራቅ ማን ያዋስናታል?"

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ደስ አለኝ። ቦታን በትክክል መግለጽ የመስክ ልየታ ግማሽ ሥራ ነው። በምሥራቅ ሐይቁ፣ በምዕራብ የኦቦ ገመቹ የሽንኩርት ማሳ፣ በሰሜን የኦቦ ገመቹ የውኃ ፓምፕ፣ በደቡብ የጭነት መኪና መንገድ አልኳቸው። የኦቦ ገመቹን ስም ያወቅኩት ወፏን ባየሁበት እሁድ በማሳቸው ለማለፍ አስፈቅጃቸው ስለነበር ነው። ጋሽ ታደሰ ሁሉንም አሰፈሩ። መጨረሻ ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና መሆኑን ጨመሩበት። ያፈረሰ ወገን ለመንግሥት መቀጫ እንደሚከፍልም አልቀረም።

"ይሄኛው ይቅር ጋሼ።"

"እሱ ከሌለ ማንም አይፈራውም" አሉና አተሙት።

ሐሙስ ጠዋት በሞጆ አድርጌ መቂ ገባሁ። ከከተማው በባጃጅ እስከ ሐይቁ ዳር። ኦቦ ገመቹ ቦት ጫማ አድርገው ሽንኩርት ያጠጣሉ። ከማሳው አጠገብ ለአውቶቡስ መናኸሪያ የሚበቃ የቲማቲም ሳጥን ተደርድሮ አንድ አይሱዙ ይጫናል። ጫኞቹን የሚያዘው ሽመልስ የሚባል ደላላ ነው፤ በሁለት ስልክ ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ በአንድ ጊዜ ያወራል። አዴ ጫልቱ በሸራ ዳሳቸው ሥር ለጫኞቹ ፍርፍር ያቀርባሉ።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ገመቹ" ብዬ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስህተቴ ይሄ ነበር። መጀመሪያ ማስረዳት፣ ከዚያ ወረቀት ነበር የሚሻለው። እኔ ግን ወረቀቱ ራሱ ግልጽ ነው ብዬ ተማመንኩ።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው ምዕራብ ላይ ቆመ።

"'የኦቦ ገመቹ ማሳ' ይላል።"

"አዎ አባቴ።"

"'የኦቦ ገመቹ ፓምፕ' ይላል።"

"አዎ።"

"ማነው የሸጠው?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

ሽመልስ ሁለቱንም ስልኮች ዘጋ። "መሬቱ ተሸጧል? ለማን? በማን በኩል?" ብሎ እየሮጠ መጣ። "ኦቦ ገመቹ፣ አሥር ዓመት አብረን ሠርተን ያለ እኔ መሬት ይሸጣሉ?"

"እኔ መቼ ሸጥኩ!"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው? ሌላ ደላላ አለበት! ከመቂ ነው ከዝዋይ? ስሙን ብቻ ንገሩኝ!"

ጫኞቹ ሳጥን ጥለው መጡ። አዴ ጫልቱ ጭልፋቸውን እንደያዙ በሰው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ "የእኔ ዳስስ ተጽፏል?" አሉ።

"የለም አዴ ጫልቱ፣ እርስዎ አልተነኩም" አልኩ ላረጋጋቸው።

"ለምን? ስድስት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ወሰን ለመሆን አልበቃም?"

እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ዝምታዬ ጥፋተኛ ነው ያስመሰለኝ። በስተመጨረሻ እንደምንም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ወፍ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፦ ሃምሳ ወፍ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ሰኞ።

"ይቺ ወፍ ካልተመሰከረላት..." አሉ አዴ ጫልቱ በዝግታ፣ "አትመረቅም ማለት ነው?"

"ዘንድሮ አልመረቅም።"

"እናት አለችህ?"

"አለች።"

"ለምርቃትህ ልብስ አሰፍታለች?"

"አሰፍታለች። ለብሳ እያወለቀችው ነው።"

አዴ ጫልቱ ጭልፋውን ድስቱ ላይ ጣሉት። "በሉ ተነሱ! ወፏ የት አለች?"

ኦቦ ገመቹ ግን ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። "ያላየሁትን አልፈርምም። አይቼ እፈርማለሁ። ሽመልስም አይቶ ይፈርማል።"

"እኔ መኪና እየጫንኩ ነው እኮ።"

"ቅድም መሬት ተሸጠ ሲባል መኪናው የት ሄዶ ነበር?"

ሐይቁ ዳር ደንገሉ ሥር ተደርድረን ቁጢጥ አልን። ሦስቱ ምስክሮች ከፊት፣ ጫኞቹ ከኋላ። ወፏን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አገኘኋት። ቅጠሉ ላይ ትራመዳለች። ዋናው ነገር ግን መስመሩ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ካልበረረች አይታይም። እሷ ደግሞ ለመብረር አልቸኮለችም።

ጊዜው እንዲያልፍ ብዬ ስለ ጃካና ማስረዳት ጀመርኩ። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ እንደምትሄድ፣ አባትየው ታቅፎ እንደሚፈለፍል፣ ጫጩቶቹንም በብብቱ ይዞ እንደሚዞር ነገርኳቸው። አዴ ጫልቱ ቆመው ሊያጨበጭቡ ነበር።

"አባትየው? ይዞ የሚዞረው አባትየው ነው? ሰማችሁ ጉድ?" ወደ ጫኞቹ ዞሩ። "እንግዲህ ይቺን ወፍ ለባሌ ላሳየው ነው!"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ትክክል ያልሆነ ነገር ሰው አእምሮ ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየት አልችልም። "እሱ የትልቋ ነው አዴ ጫልቱ" አልኩ። "የትንሿ ሁለቱም እኩል ነው የሚያሳድጉት።"

"አሁን ይሄን ማን ጠየቀህ?" አሉ በኀዘን።

ሽመልስ ትዕግሥቱ አለቀ። የአፈር ጓል አነሳ። "አንዴ ብቻ ጣል ላድርግ፤ ትበራለች፤ እንፈርማለን፤ እንሄዳለን።"

"አይቻልም" አልኩ። "ወፍ አስደንግጦ መመዝገብ ክልክል ነው።"

"ማን ከለከለ?"

"ኮርሱ።"

ስልኩ ጮኸ። አነሳና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሁን አልችልም ወንድሜ፣ ወፍ ላይ ነኝ" አለ። ትንሽ አዳመጠ። "አይ፣ ዶሮ አይደለም።"

የታደገን የአይሱዙው ሾፌር ነው። ጫኞቹን ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ጡሩምባውን ሳይለቅ ነፋው። ሐይቁ ዳር ያለ ላባ ያለው ነገር ሁሉ ተነሳ። ትንሿም ተነሳች፤ በእኛ ፊት ለፊት፣ ረጃጅም እግሮቿን አንጠልጥላ። ክንፏ ጠርዝ ላይ ያ ነጭ መስመር ጥርት ብሎ ታየ።

"ያውና!" አሉ አዴ ጫልቱ ከሁሉም ቀድመው። "የክንፏ ጫፍ! ጠመኔ የነካው መስሎ!"

(ጡሩምባው እኔ ያደረግኩት ስላልሆነ ኮርሱን አልጣስኩም። ይህንንም በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ።)

ኦቦ ገመቹ ፈርመው ከስማቸው ጎን ስልክ ቁጥራቸውን ጻፉ። አዴ ጫልቱ ከመፈረማቸው በፊት በደቡብ ከሚለው ቀጥሎ "እና የአዴ ጫልቱ ዳስ" ተብሎ በእጅ እንዲጨመር አደረጉ። ሽመልስ ከፊርማው አጠገብ ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፎ ከሥሩ "ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን" የሚል አከለበት።

ዓርብ ወረቀቱን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሁሉንም አነበቡት። የሕጉን ቁጥር አነበቡ። መቀጫውን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

"ወፏ ውሉን ብታፈርሰውስ?"

"በውሉ መሠረት ለመንግሥት ትከፍላለች ዶክተር።"

ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አልተንቀሳቀሰም። ከኦቦ ገመቹ ስም ጎን ያለውን ቁጥር ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት።

"እርስዎ ነዎት መምህሩ?" አሉ ኦቦ ገመቹ ሰላምታው እንዳለቀ። "ልጁ አየሁ ብሏል፣ እኛም አይተናል። ምን ቀረ?"

"ጫጩት እንዳይሆን ብዬ ነው አባቴ።"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ውኃ ዳር ኖሬ ጫጩት ከአሮጌ አልለይም? ደግሞ ሳይመጡ፣ ሳያዩ፣ ቢሮ ቁጭ ብለው ነው አልታየም የሚሉት?"

ዶክተሩ "አልታየም" የሚለውን ቃል ከመቂ በስልክ ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ ላይ ድንቢጥ ነበረች፤ ወንድ ናት።

"ነገ እመጣለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ በአንድ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። ሞጆን እስክናልፍ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እዚያ አካባቢ በመስኮት እያዩ ለራሳቸው "ጭልፊት" ሲሉ ሰማኋቸው። "ባለ ቢጫ መንቆሩ ነው፤ ጅራቱ ሹካ ነው" አልኩ ቀስ ብዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ መንገድ ነበር።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሦስቱ ምስክሮች ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው ይጠብቃሉ። ሽመልስ ኮት አድርጓል። አዴ ጫልቱ የቲማቲም ሳጥን ገልብጠው ጨርቅ አልብሰው ለዶክተሩ መቀመጫ አዘጋጅተዋል። ዶክተሩ ተቀመጡ፤ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፈቱ፤ ባለ ሁለት ዓይኑን አቅራቢ መነጽር አንገታቸው ላይ ሰቀሉ። ጠበቅን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የዶክተሩ ግንባር ቀላ፣ ከዚያ ከቲማቲሙ ጋር ተመሳሰለ። ላቡ መነጽራቸው ላይ ወረደ። አወለቁት፣ የሸሚዛቸውን ጫፍ ይዘው መጥረግ ጀመሩ።

ያኔ በረረች።

"ያውና!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ዶክተሩ ቀና ሲሉ ቅጠሉ ብቻ ይወዛወዛል።

ሌላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ዶክተሩ መጽሐፉን ዘጉት። "እሺ፣ በቃ። ይሄ ሁሉ ሰው አይቷል። አምጡ እኔም ልፈርምና እንሂድ።"

ሃምሳ ሞላ። እናቴ ቀሚሷን ሦስተኛ ጊዜ ለብሳ አታወልቀውም።

ኦቦ ገመቹ ግን እኔ የዘረጋሁትን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡት። "አይተዋታል?"

"እናንተ አይታችኋል እኮ።"

"የምጠይቀው እርስዎን ነው።"

ዶክተሩ የዘጉትን መጽሐፍ እንደገና ከፈቱት። ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ስትበር እኛ ሁላችንም ወፏን ነበር የምናየው። አንተ ግን መምህርህን ነበር የምታየው፤ አይቼሃለሁ። አዩ ወይስ አላዩም?"

እውነት ነው። ወፏን ሳይሆን እሳቸውን ነበር የማየው። የእኔ ሃምሳኛ ወፍ ያን ሰዓት ሐይቁ ላይ ሳይሆን የእሳቸው ዓይን ውስጥ ነበረች። አሁን "አዩ" ብል ማንም አይከራከረኝም፤ እሳቸውም ጭምር። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ምን እንደሚወጣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው የሰማሁት።

"መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።"

"አይ ወንድሜ!" አለ ሽመልስ ራሱን ይዞ። "ደላላ ብትሆን በረሃብ ነበር የምትሞት!"

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውን ጠቅልለው ጫማው ውስጥ ከተቱ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው አጠፉና ደንገሉን ከፍለው ውኃው ውስጥ ገቡ። ቆሙ። አዴ ጫልቱ፣ "ውኃው ውስጥ አልቅት አለ!" ብለው ቢጮኹም ዘወር አላሉም። እዚያ ሲቆሙ፣ ቀጭን እግራቸውን ሳይ፣ በደብተሬ እንዴት እንደምመዘግባቸው አስቤ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ስንት ሰዓት እንደቆሙ አውቃለሁ፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ትንሿ ጃካና ከደንገሉ ሥር ወጣች፣ ሦስት እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ከፊታቸው ብድግ ብላ በረረች።

"አየሁ!" አሉ። ከዕድሜያቸው አምስት ዓመት የቀነሰ ድምፅ ነበር። "መስመሩን አየሁ! ነጭ ነው!"

"የትኛው ክንፍ ላይ?" አሉ ኦቦ ገመቹ ከዳር።

ዶክተሩ አሰቡ። "ቀኙ ላይ።"

"ግራውስ?"

"ወደ ደንገሉ ዞረች... ግራው..." ቆም አሉ። "ግራው አልታየም።"

ሽመልስ ሁለቱንም ስልኮች አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን አፈነ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"እንግዲያው የታየው ይጻፍ" አሉ ኦቦ ገመቹና ወረቀቱን ሰጧቸው። ዶክተሩ ከውኃ ወጥተው፣ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ በገዛ ቀይ እስክሪብቷቸው ከሦስቱ ስሞች ሥር ጻፉ፦ "አራተኛ ምስክር፦ የቀኝ ክንፍ ብቻ።" ፈረሙ።

ሰኞ ከሰዓት የመስክ ውጤት ተለጠፈ። ከስሜ ትይዩ 49.5 ይላል።

ቢሯቸው ሄድኩ። "ዶክተር፣ ግማሽ ወፍ የለም።"

"ያየሁት አንድ ክንፍ ነው።"

"ሃምሳ ያልሞላ ያልተሟላ ነው ብለዋል።"

"ብያለሁ" አሉና የኮምፒዩተራቸውን ስክሪን ወደ እኔ አዞሩት። ውጤት የሚገባበት የሬጅስትራሩ ቅጽ ነበር። ከስሜ አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ 49.5 ብለው ጻፉና መዝግብ የሚለውን ተጫኑ። ሳጥኑ 50 አለ። አጥፍተው እንደገና ጻፉ። 50። "ክፍልፋይ ቁጥር አይቀበልም። ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር ነው የዋልኩት" አሉ። ይቀልዱ ይሁን አይቀልዱ ከፊታቸው ማወቅ አይቻልም።

በአእምሮዬ አሰብኩት። ግማሽና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። ስሌቱ እንከን የለውም።

"ልክ ነው" አልኳቸው። ልክ ስለነበር ነው ያልኩት፤ ባይሆን ኖሮ እናገር ነበር። የምናገር ይመስለኛል።